ባሕሩ አልጠፋም፦ ስለ ዛንዚባር ሪዞርቶች በየጊዜው የምሰማቸው ስህተቶች

የጉዞ ወኪል ነኝ። ከታንዛኒያዋ ደሴት ከዛንዚባር የሚመጣ አንድ ዓይነት ስልክ በጣም ሰልችቶኛል። ደንበኛው ማታ ደርሷል፤ ክፍሉን ወዶታል። ጠዋት በረንዳ ላይ ሲወጣ ግን ባሕሩ የለም። ወዲያው ይደውላል፦ «ፎቶው ላይ ያየነው ውሃ የት ሄደ? ተሸወድን እኮ!»

ማንም አልሸወዳቸውም። ችግሩ ይሄ እምነት ነው፦

«ሪዞርቱ ባሕር ዳር ከሆነ ውሃው ቀኑን ሙሉ ደጃፌ ላይ ነው»

አይደለም። የሕንድ ውቅያኖስ እዚያ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። የጨረቃና የፀሐይ ስበት ነው የሚያመጣው። ሞልቶ እስኪጎድል ስድስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ሰዓቱ ደግሞ በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ ወደ ኋላ ይዘገያል። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሞልቶ ያያችሁት ባሕር፣ በሳምንቱ በዚያው ሰዓት ጎድሎ ታገኙታላችሁ። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ልዩነቱ ይበረታል፤ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ከፍታ 4 ሜትር ገደማ ይደርሳል።

ይህ በደሴቲቱ ዙሪያ እኩል አይታይም። በምሥራቅ በኩል፣ ፓጄና ጃምቢያኒ ላይ፣ የባሕሩ ወለል እስከ ኮራሉ (ውሃ ውስጥ እስካለው ድንጋያማ አጥር) ድረስ ጠፍጣፋና ጥልቀት የሌለው ነው። ውሃው ሲሸሽ አሸዋው አንድ ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይገለጣል። በሰሜን ጫፍ፣ ኑንግዊና ኬንድዋ ላይ ግን ወለሉ ቶሎ ስለሚጠልቅ አብዛኛውን ሰዓት መዋኘት ይቻላል። የማስታወቂያ ፎቶዎች የሚነሱት ባሕሩ ሲሞላ ነው። ፎቶ አይታችሁ ብቻ አትወስኑ። ቦታው የት እንደሆነ ካርታ ላይ እዩ።

እኔ ይህን ለሁሉም እናገራለሁ። ግን የሚሰማ የለም። አንድ ሙሽራ ባለቤቱ ዋና እንደምትወድ እየነገረኝ ፓጄ ካልሆነ ብሎ ድርቅ አለ። ዋጋው ተመችቶታል። በማግስቱ ረፋድ ላይ ደወለና ገንዘቤን መልሱልኝ አለኝ። ሪሴፕሽን ሄደህ የባሕሩን የሙላትና የጉድለት ሰንጠረዥ ጠይቅ አልኩት። ሰንጠረዡ እዚያው ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ነበር። ከሰዓት በኋላ ውሃው በረንዳው ሥር ደረሰ፤ ሲዋኙ ዋሉ። ቦታ ከመያዛችሁ በፊት ለሆቴሉ ጽፋችሁ፣ በምትቆዩባቸው ቀናት ባሕሩ በስንት ሰዓት እንደሚሞላ ጠይቁ። ደህና ሆቴል ይመልስላችኋል።

ደግሞም ክፍል ውስጥ ተኮራርፎ፣ ባሕሩ ሲጎድል የሚታየውን ነገር ሳያዩ መቅረት ያሳዝነኛል። የመንደሩ ሴቶች የሚሠሩት ያኔ ነው። ካንጋቸው (የሚያገለድሙት ጨርቅ) እስከ ወገብ ርሷል። በእንጨት ችካሎች መካከል በተወጠረ ገመድ ላይ፣ የባሕር አረም ቅንጣቢ አንድ በአንድ ያስራሉ። ቅንጣቢው አድጎ ሲደርስ ይለቅሙትና አሸዋ ላይ ያደርቁታል። ሥራው በፓጄና በጃምቢያኒ በሰፊው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ከአረሙ የሚወጣው ማወፈሪያ የጥርስ ሳሙናና አይስክሬም ውስጥ ይገባል። ሌሎች ደግሞ ዘንግ ይዘው ኮራሉ ሥር ኦክቶፐስ ይፈልጋሉ። አካባቢያዊ ለዛ ያለው ሆቴል የምትፈልጉ ከሆነ፣ ለዛው እዚህ ነው ያለው፤ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ቅርጫት አታገኙትም።

ውሃው በሸሸበት ስትሄዱ የውሃ ጫማ አድርጉ፤ እሾሃም የባሕር ጃርት ይወጋል። ገመዶቹን አትርገጡ፤ የሰው እርሻ ናቸው። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። ውሃው ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ቶሎ ስለሚመለስ፣ የመመለሻ ሰዓታችሁን ከመንደሩ ሰው ጠይቁና ሂዱ። የጀልባ ነጂ በስዋሂሊ «ሰዓ ታቱ» ካላችሁ ጠዋት 3 ሰዓት ነው፤ እነሱም እንደኛ ከንጋት ጀምረው ነው የሚቆጥሩት። የሆቴሉ ሠራተኛ በእንግሊዝኛ ያንኑ ሰዓት 9 ይላችኋል። በዚህ ምክንያት ጀልባ ያመለጣቸው አሉ።

«የቅጠል ጣሪያ ያለው ክፍል የደሃ ክፍል ነው፤ ኤሲ ከሌለውማ አይታሰብም»

ይህም ያናድደኛል። ጣሪያው ማኩቲ ይባላል። ከኮኮናት ዛፍ ቅጠል ተጠልፎ ይሠራል፤ ከፍ ተደርጎም ይከደናል። ሙቅ አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ የባሕሩ ነፋስ በአንዱ መስኮት ገብቶ በሌላው ያልፋል። በደንብ የተሠራ ከሆነ በአጎበርና በፋን ተኝታችሁ ታድራላችሁ። ከላይ ክፍት የሆነ ክፍል ውስጥ ኤሲ አስገቡልኝ ማለት ግን ትርፉ ጄኔሬተር ማስጮህ ነው፤ ቅዝቃዜው በጣሪያው ይወጣል። ያለ ኤሲ እንቅልፍ የማይወስዳችሁ ከሆነ ኮርኒስ ያለውና ዝግ የሆነ ክፍል ያዙ፤ ምንም ነውር የለውም። ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

«ጸጥ ያለ ሪዞርት ማለት ድምፅ የማይሰማበት ነው»

መንደር አጠገብ ካረፋችሁ ከንጋት በፊት አዛን ትሰማላችሁ። ከዚያ ዶሮ ይጮኻል። ከዚያ ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባ ሲገፉ ትሰማላችሁ። እንቅልፋችሁ ቀላል ከሆነ ከመንደሩ ራቅ ያለውን ምረጡ፤ ወይም የጆሮ መድፈኛ ያዙ። ሰው ፈጅሩን ሊሰግድ ሲነሳ «ድምፁን ቀንሱልን» ብሎ ሪሴፕሽን ላይ መቆጣት ግን በጣም ያሳፍራል። የሰው አገር ነው።

«ሪዞርት እስካለሁ እንደፈለግኩ እለብሳለሁ»

መዋኛው ዳር አዎ። ከግቢው ስትወጡ ግን ትከሻና ጉልበት ይሸፈን፤ የደሴቲቱ ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነው። በረመዳን ወር ቀን ላይ መንገድ ላይ አትብሉ፣ አትጠጡ።

«ሞቃት አገር ነው፤ መቼም ብንሄድ ፀሐይ ነው»

ከማርች እስከ ሜይ ከባዱ ዝናብ ነው፤ ማሲካ ይሉታል። በኤፕሪልና በሜይ የሚዘጉ ሆቴሎች አሉ። በኖቬምበርና በዲሴምበር አካባቢ ያለው ቩሊ ግን አጭር ነው፤ ዘንቦ ያባራል፣ ዋጋም የሚቀንሱ አሉ። ከጁን እስከ ኦክቶበር ደረቅና ነፋሻ ነው።

«ግድግዳው ላይ እንሽላሊት አየሁ፤ ሆቴሉ ቆሻሻ ነው»

ትንኝ እየበላላችሁ ነው። ተዉት።

«ፓስፖርትና ትኬት ከያዝኩ አበቃ»

አላበቃም። ከእ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2024 ጀምሮ ዛንዚባር ለሚገባ የውጭ ጎብኚ የደሴቲቱን የራሷን ኢንሹራንስ መግዛት ግዴታ ሆኗል፤ ሲጀመር ዋጋው 44 ዶላር ነበር። ሌላ የጉዞ ኢንሹራንስ ቢኖራችሁም አይተካውም። ከኢትዮጵያ ለሚነሳ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ያስፈልጋል። ልብሳችሁን በፌስታል አትጠቅልሉ፤ ታንዛኒያ ውስጥ የፕላስቲክ ከረጢት የተከለከለ ስለሆነ ሻንጣችሁን ከመዝጋታችሁ በፊት አውጡት።