የዜና ወኪል ምንድን ነው?

ሰሞኑን ደሴ ፒያሳ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ፣ ከጎኔ የነበሩ ሰው ስለ ሱዳን ጦርነት ሲከራከሩ «ሦስት ጣቢያ ነው ያወራው፤ ሦስቱም ሮይተርስን ጠቅሰዋል፤ ከዚህ በላይ ምን ማረጋገጫ ይመጣል?» ብለው ባልንጀራቸውን ሲረቱ ሰማሁ። ለዓመታት የውጭ ዜና ሲተረጉም ለኖረ ሰው ይህ አባባል በተሰማ ቁጥር እንደ አዲስ ያንገበግባል።

የዜና ወኪል ዜናን እያዘጋጀ ለጣቢያዎችና ለጋዜጦች በክፍያ የሚያከፋፍል ድርጅት ነው፤ አሶሼትድ ፕሬስ እ.ኤ.አ. በ1846 ኒውዮርክ ላይ፣ ሮይተርስ በ1851 ለንደን ላይ ተመሥርተዋል። በየአገሩ ዘጋቢ ማስቀመጥ ከአቅማቸው በላይ የሆነባቸው ጣቢያዎች የውጭውን ፖለቲካ ከእነዚህ ይቀዳሉ፤ ነውር የለበትም።

ስሕተቱ ቆጠራው ላይ ነው። ከአንድ ማጠራቀሚያ በተዘረጋ ቧንቧ ሆጤ፣ አራዳና ሰኞ ገበያ ላይ ሦስት ቦኖ ቢቆም፣ ሰልፉ ሦስት ቢሆንም ውሃው ያው አንድ ነው፤ ማጠራቀሚያው የደፈረሰ ዕለት ሦስቱም ሰፈር የሚቀዳው ድፍርስ ነው። ቀጂው ደግሞ ላምባ የነበረበት ጀሪካን ይዞ ከመጣ፣ ንጹሑም ውሃ ላምባ ላምባ ይላል።

በእኛ ሥራ ጀሪካኑ ትርጉም ነው። ወኪሉ «ጦሩ ከተማዋን ይዣለሁ ብሏል፤ ከገለልተኛ ወገን ማረጋገጥ አልተቻለም» ብሎ የላከው፣ አማርኛ ላይ ሲደርስ «ጦሩ ከተማዋን መያዙን አረጋገጠ» ይሆንና ሁለተኛው ሐረግ ሰዓት ጠበበ ተብሎ ይቆረጣል፤ በማታ ፈረቃ እኔም ቆርጬ አውቃለሁ። በዜናው ራስጌ የሚሰፍረው የከተማ ስምም አብሮ ስለሚወድቅ፣ ካይሮ ወይም ናይሮቢ ተቀምጦ የተጻፈው ሁሉ ካርቱም ላይ በዓይን የታየ ይመስላል።

«ወኪል» የሚለውን ከፍርድ ቤት ውክልና ጋር አምታተው ሮይተርስን የእንግሊዝ መንግሥት አፍ የሚያደርጉትም አሉ። ሮይተርስ የግል ኩባንያ፣ አሶሼትድ ፕሬስ የአሜሪካ ጋዜጦችና ጣቢያዎች የጋራ ማኅበር ሲሆኑ፣ ሺንዋ ግን በእርግጥም የቻይና መንግሥት ነው፤ እያንዳንዱ በባለቤቱ ይመዘናል።

እንግዲህ «ሮይተርስን ጠቅሶ» ያለ ጣቢያ ሁሉ ተደምሮ አንድ ምንጭ ነው። ሁለተኛ የሚባለው የሌላ ወኪል ዘጋቢ በራሱ መንገድ ደርሶበት የጻፈው ነው፤ ሁለቱ ወኪሎች የአንድ ቃል አቀባይን መግለጫ ተሻምተው የላኩት ከሆነም፣ ምንጩ አሁንም ያው ቃል አቀባዩ ነው።