ወደ ቆላ ለሚወርድ ሯጭ፦ ስለ ሙቀት የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የደሴ ሯጭ ጦሳ ተራራ ሥር በብርድ ተነሥቶ፣ ጭጋግ ውስጥ ሮጦ ያደገ ነው። ውድድሩና ልምምዱ ግን ብዙ ጊዜ ወደ ታች ይጠራዋል፤ ወደ ኮምቦልቻ፣ ወደ ከሚሴ፣ ወደ ባቲ፣ በሰሜን በኩልም ወደ ቆቦ። በግንቦትና በሰኔ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ እዚያ ያለው ፀሐይ አይጣል ነው። በዚህ ጉዳይ ለወጣቶቻችን የሚሰጠው ምክር በቅንነት የሚነገር ቢሆንም፣ ከመካከሉ ሰው ሊገድል የሚችል ስሕተት አለ። ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሣ።

«የደጋ ሳንባ ላለው ሰው ቆላ ቀላል ነው»

ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስተው ይህ ነው፤ ግማሹ እውነት ነውና። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርዶ ኮምቦልቻ የገባ ሯጭ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ይጨምርለታል። እግሩ ይቀለዋል፤ ሰዓቱን ሲያይ ደስ ይለዋል፤ የበለጠ ይፈጥናል። ችግሩም የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። አየር በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁለት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚሞቅ፣ በከፍታ ልዩነት ብቻ ኮምቦልቻ ከደሴ በ4 ዲግሪ፣ ቆቦ ደግሞ በ7 ዲግሪ ገደማ ይበልጣሉ። ጡንቻ ከሚጠቀምበት ኃይል ሦስት አራተኛ ያህሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ስለዚህ ሯጩ በፈጠነ ቁጥር ከውስጥም ይግላል። ልብ በአንድ በኩል ለሚሠራው ጡንቻ፣ በሌላ በኩል ሙቀቱን ለሚያስወጣው ቆዳ ደም ማዳረስ አለበት። ይህን ጣጣ ጠንካራ ሳንባ አያስቀረውም።

በ2019 (እ.ኤ.አ.) በዶሃ የተካሄደውን የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን እናስታውስ። ሙቀቱን ለመሸሽ ሩጫው የተጀመረው እኩለ ሌሊት ላይ ነበር። እንዲያም ሆኖ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ፣ የአየሩም እርጥበት ከፍተኛ ነበር። ከተነሡት 68 ሯጮች 28ቱ አቋርጠው ወጡ፤ ከእነርሱም መካከል ሦስቱም የኢትዮጵያ ተወዳዳሪዎች ነበሩ። እነዚያ እህቶቻችን የደጋ ሳንባ አላነሳቸውም።

«ሙቀት ለመልመድ በቀትር ራስን ማድከም ነው»

ሙቀት የሚለመደው በሙቀት መሆኑ እውነት ነው፤ ማድከሙ ግን አያስፈልግም። ሰውነት አብዛኛውን ለውጥ የሚያደርገው ከ10 እስከ 14 ባሉ ቀናት ነው። የደሙ ፈሳሽ ክፍል ይጨምራል፤ ላብ ቶሎ መውጣት ይጀምራል፤ ከላቡ ጋር የሚወጣው ጨው ይቀንሳል፤ በዚያው ፍጥነት የልብ ምት ዝቅ ይላል። ይህን ሁሉ ለማግኘት ቀስ ያለ ሩጫ ይበቃል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግማሽ ሰዓት ወይም አርባ ደቂቃ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ። ፍጥነት የሚጠይቀው ልምምድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ አስፋልቱ ሳይግል ይሠራ።

ሁለት ሳምንት ቆላ ተቀምጦ የመዘጋጀት አቅም የሌለው የደሴ ልጅ ከሰዓት በኋላ በሚኒባስ ኮምቦልቻ ወርዶ፣ ቀስ ብሎ ሮጦ፣ ማታ ወደ ቤቱ መመለስ ይችላል። ይህን ሲያደርግ የደሴውን ሰዓት ይርሳው፤ መለኪያው ትንፋሹና የልብ ምቱ ይሁን። ሲያመጣ የከረመውን ሰዓት በሙቀት ውስጥ ካላመጣሁ ብሎ የሚታገል ብዙውን ጊዜ ውድድሩን ልምምድ ላይ ይጨርሰዋል። ይህ ልምድ ደጋ ተመልሰው ሲከርሙ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንደሚጠፋም ይታወቅ፤ ባለፈው ዓመት መለመድ ለዘንድሮ አያገለግልም።

«በላስቲክና በድርብ ቱታ መሮጥ ስብ ያቀልጣል»

የሚቀንሰው ክብደት ውሃ ነው፤ ሲጠጡ ይመለሳል። ላብ ሰውነትን የሚያቀዘቅዘው ሲተን እንጂ ሲንጠባጠብ አይደለም። ላስቲክ እንደ ድስት ክዳን እንፋሎቱን ስለሚያፍን ሰውነት ማላቡን ይቀጥላል፤ አይቀዘቅዝም ግን። በ1997 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ሦስት የኮሌጅ የነጻ ትግል ተወዳዳሪዎች ኪሎ ለመቀነስ በዚህ ዓይነት መንገድ ላብ ከራሳቸው ሲያስወጡ በጥቂት ሳምንታት ልዩነት ሞተዋል። አሠልጣኝ ልጆችን ላስቲክ ለብሰው ሲሮጡ ካየ ወዲያውኑ ያስቁማቸው።

«አላላበኝም፣ ስለዚህ ውሃ አያስፈልገኝም»

በባቲ ደረቅ አየር ላቡ ሳይታይ ይተንና ቆዳ ላይና ካናቴራው ላይ ነጭ የጨው ምልክት ብቻ ይተዋል። ትክክለኛውን የሚናገረው ሚዛን ነው። ከተማ ውስጥ መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡት ልጆች ዘንድ ከሩጫ በፊትና በኋላ መመዘን ቀላል ነው፤ አንድ ኪሎ የቀነሰ ሰው አንድ ሊትር ያህል ፈሳሽ አጥቷል ማለት ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሯጭ ከ1.2 ኪሎ በላይ፣ ማለትም ከ2 በመቶ በላይ ከቀነሰ፣ በቀጣዩ ሩጫ መንገድ ላይ የሚጠጣውን ይጨምር።

«ውሃ በበዛ ቁጥር ይሻላል»

ይህኛው በተቃራኒው የሚያጠፋ ነው። ከሚወጣው በላይ ውሃ መጠጣት በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም (የጨው ንጥረ ነገር) ያቀጥናል፤ አንጎል እስኪያብጥ ሊያደርስም ይችላል። በ2002 (እ.ኤ.አ.) በቦስተን ማራቶን ደማቸው ከተመረመረ 488 ሯጮች 13 በመቶው ሶዲየማቸው ከተገቢው በታች ወርዶ ተገኝቷል። ለዚህ ይበልጥ የሚጋለጡት ረጅም ሰዓት የሚወስዱትና በየጣቢያው የሚጠጡት ናቸው። ሲጠማ መጠጣት ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ረጅም ልምምድ ላይ አንድ ሃይላንድ ውሃ ብቻ ከመያዝ ስኳርና ጨው ያለበት ቢሆን ይመረጣል፤ ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በቂ ነው። ጨው በእፍኝ መቃም ግን ማቅለሽለሽን እንጂ ጉልበትን አያመጣም።

«አበበ በባዶ እግሩ ሮጧል፣ መሣሪያ ምን ያደርጋል?»

አበበ ቢቂላ በ1960 (እ.ኤ.አ.) በሮም በባዶ እግሩ ያሸነፈው ማራቶን ወደ ማታ ተጀምሮ በጨለማ ያለቀ ነበር። በ1964 (እ.ኤ.አ.) በቶኪዮ ሲደግመው ጫማ ነበረው። የቀን አስፋልት ከአየሩ በጣም ይግላል፤ እግርም በሙቀት ያብጣልና ጫማው ጣት የሚጨቁን አይሁን። ካናቴራው ነጣ ያለ፣ ስስና ሰፋ ያለ ይሁን፤ ወፍራም ጥጥ ላብ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ብብትና ጭን ይልጣል። ሒጃብ ለብሳ የምትሮጥ እህት ስስና ነጭ ጨርቅ ብትመርጥ፣ ውሃም ብታርከፈክፍበት፣ ከፀሐይ ይጋርዳታል። ሌላው የሚሸጠው ሁሉ ቅንጦት ነው።

«በጾም ወቅት ልምምድ ይቁም»

ወሎ ውስጥ ይህ የሁሉም ቤት ጥያቄ ነው፤ ረመዳንም ዐቢይ ጾምም አለና። ማቆም አያስፈልግም፤ ሰዓቱን ማዛወር ነው። ቀላል ሩጫ ከማፍጠሪያው ትንሽ ቀደም ብሎ ቢሆን ውሃው ወዲያው ይከተላል። ጠንካራው ልምምድ ካፈጠሩ በኋላ፣ ምግቡ ሲረጋ ይሁን። በጾም ቀን የረፋድ ፀሐይ ላይ መሮጥ ግን ማንም አሠልጣኝ ሊያዝዘው አይገባም።

«ምች መታው፣ ዳማከሴ አምጡለት»

እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። ሯጭ መጨረሻው ላይ ተንገዳግዶ ሲወድቅ ዙሪያውን የሚከቡት ሰዎች ርኅራኄ ልብ ይነካል። አንዱ ክብሪት ጭሮ ያስሸትተዋል፤ አንዷ ዳማከሴ ጨምቃ በአፍንጫው ታደርግለታለች፤ ሌላው «ብርድ እንዳይመታው» ብሎ ጋቢ ይደርብበታል። ጋቢው ገዳይ ነው። የሰውነቱ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ላለፈ ሰው መሸፈን ማለት እሳቱን ማፈን ነው። «ላቡ ይወርዳል፣ ስለዚህ ደኅና ነው» የሚለውም አያስተማምንም፤ በሩጫ የመጣ የሙቀት ምት ብዙ ጊዜ ከነላቡ ነው። ምልክቱ የአእምሮ ነው፤ ያልተያያዘ ነገር ያወራል፣ ይቆጣል፣ ያለበትን አያውቅም፣ ይንገዳገዳል።

መደረግ ያለበት ይህ ነው፦ ልብሱን አቅልሎ ጥላ ሥር ማድረግ፣ ትልቅ ሳፋ ወይም በርሜል ካለ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ራሱን ቀና አድርጎ ደግፎ ማስቀመጥ፣ ከሌለም በጀሪካን መላ ሰውነቱ ላይ ሳያቋርጡ ማፍሰስና በነጠላ ማራገብ። አምቡላንስ ይጠራ፤ ማቀዝቀዙ ግን እስኪመጣ አይጠበቅም፣ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ሙቀቱ መውረድ አለበትና። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥ። ፓራሲታሞል ይህን ሙቀት አያወርደውም። ከሩጫ በፊት አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ መዋጥም፣ ፈሳሽ ያጣ ኩላሊት ላይ ሌላ ሸክም ስለሚጨምር፣ ቢቀር ይሻላል። ውድድር የሚያዘጋጁ ሰዎች መጨረሻው መስመር አጠገብ በውሃ የተሞላ በርሜልና ሁለት የሠለጠኑ ሰዎች ካላቆሙ ጠመንጃው አይተኮስ። የዳነው ሯጭም ቢያንስ አንድ ሳምንት ልምምድ ሳይነካ ይረፍ፤ የሚመለሰውም ሐኪም አይቶት ሲፈቅድለት ነው።