ፎርማል ቋንቋና የአውቶማታ ንድፈ ሐሳብ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ በደሴ–ኮምቦልቻ ምሳሌ

የፎርማል ቋንቋና የአውቶማታ ንድፈ ሐሳብ አንድ ማሽን የቀረበለት የምልክቶች ድርድር ሕግ የጠበቀ መሆኑን ለመለየት ምን ዓይነትና ምን ያህል ማስታወሻ እንደሚያስፈልገው የሚያጠና የኮምፒዩተር ሳይንስ ዘርፍ ነው። በኮምቦልቻ የሚገኘውን የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ጨምሮ በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎች ይማሩታል፤ በ2015 ዓ.ም. በተጀመረው አገር አቀፍ የመውጫ ፈተናም ውስጥ ይካተታል። ተማሪው በአጭሩ «አውቶማታ» ይለዋል።

በዚህ ዘርፍ ፊደል የሚባለው ማንኛውም ውሱን የምልክቶች ስብስብ ሲሆን፣ ከዚያ ፊደል የተገጣጠመ ድርድር ስትሪንግ፣ የስትሪንጎች ስብስብ ደግሞ ቋንቋ ይባላል። ስትሪንጉ ምን ማለት እንደሆነ አይጠየቅም፤ ጥያቄው ከስብስቡ ውስጥ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ብቻ ነው።

ከደሴ መናኸሪያ ተነሥቶ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ፣ 12 መንገደኛ የሚይዝ ሚኒባስ እንውሰድ። ሰው በተሳፈረ ቁጥር «ገ»፣ በወረደ ቁጥር «ወ» ቢመዘገብና ሚኒባሱ ባዶውን ተነሥቶ ባዶውን ጉዞውን ቢጨርስ፣ «ገገወገወወ» ትክክለኛ መዝገብ ነው። «ገወወገ» ግን የሁለቱ ምልክቶች ቁጥር እኩል ቢሆንም ያልተሳፈረ ሰው አውርዷልና ውድቅ ነው። ይህን የሚቆጣጠር ዲኤፍኤ፣ ማለትም እያንዳንዱ ቀጣይ እርምጃው አስቀድሞ የተወሰነ ውሱን አውቶማታ (ውሱን ቁጥር ያላቸው ስቴቶች፣ ማለትም ሁኔታዎች፣ ብቻ ያሉት ማሽን)፣ በመኪናው ውስጥ ያለውን ሰው ቁጥር ከ0 እስከ 12 የሚያመለክቱ 13 ስቴቶችና ሕግ ሲጣስ የሚገባበት መውጫ የሌለው አንድ ስቴት፣ በድምሩ 14 ይበቁታል። መነሻውም መቀበያውም፣ ማለትም መዝገቡ ሲያልቅ ማሽኑ እዚያ ከተገኘ ትክክል የሚያሰኘው ስቴት፣ 0 ነው። ረዳቱ አሥራ ሦስተኛ ሰው ትርፍ ከጫነ፣ በመንገዱ ላይ የሚሆነው ምንም ይሁን፣ ማሽኑ ምሕረት የለውም።

የወንበሩ ገደብ ሲነሣ ነገሩ ይለወጣል። 5 ሰው የተሳፈረበት መዝገብ ለመዘጋት 5 «ወ» ይፈልጋል፣ 6 የተሳፈረበት ደግሞ 6። ሁለቱ ማሽኑን አንድ ስቴት ላይ ካደረሱት፣ ከዚያ በኋላ 5 «ወ» ሲመጣ ሁለቱንም ይቀበላል ወይም ሁለቱንም ይጥላል፤ በየትኛውም ቢሆን ይሳሳታል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቁጥር የራሱን ስቴት ይጠይቃል፤ ቁጥሩ ገደብ ከሌለው ስቴቱም ገደብ አይኖረውም፣ ውሱን አውቶማታም አይበቃም። ይህ አካሄድ እ.ኤ.አ. በ1957 እና በ1958 የወጣው የሒሳብ ሊቃውንቱ የማይሂልና የኔሮድ ውጤት እምብርት ነው። በትምህርት ክፍሎች አብዛኛውን ጊዜ የሚቀድመው፣ አንድ ቋንቋ ከውሱን አውቶማታ አቅም በላይ መሆኑን የሚያሳየው ሌላ መንገድ፣ ፓምፒንግ ሌማ ነው፤ ነገር ግን «ለሁሉም» እና «አለ» የሚሉት እየተፈራረቁ ጀማሪውን ስለሚያደናግሩት፣ ምክንያቱን ፊት ለፊት የሚያሳየው የማይሂል–ኔሮድ መንገድ ቢቀድም የተሻለ ነው።

ገደብ የሌለውን መዝገብ ለመቆጣጠር፣ ስታክ፣ ማለትም መጨረሻ የገባው መጀመሪያ የሚወጣበት ማስታወሻ፣ የተጨመረለት ፑሽዳውን አውቶማታ ያስፈልጋል። በፕሮግራም ጽሑፍ ውስጥ ቅንፍ ተከፍቶ መዘጋቱ የሚጣራውም በዚሁ መንገድ ነው። የቋንቋ ሊቁ ኖአም ቾምስኪ እ.ኤ.አ. በ1956 እና በ1959 ባቀረባቸው ሥራዎች ሰዋስዎችን፣ ማለትም የቋንቋን ስትሪንጎች የሚያመነጩ የሕግ ስብስቦችን፣ በአራት ደረጃ ከፍሏል፤ ከታች በውሱን አውቶማታ የሚታወቁት ሬጉላር፣ ቀጥሎ በፑሽዳውን አውቶማታ የሚታወቁት ኮንቴክስት ፍሪ፣ ከዚያ ሕጎቻቸው በዙሪያው ባሉ ምልክቶች ሊወሰኑ የሚችሉት ኮንቴክስት ሴንሲቲቭ፣ ከሁሉም በላይ ወሰን በሌለው ቴፕ ላይ የሚያነብና የሚጽፍ ቱሪንግ ማሽን የሚያውቃቸው። ኮንቴክስት ፍሪ ሰዋስው ለፕሮግራም ቋንቋዎች የጋራ መግለጫ የሆነው አልጎል 60 በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ዘመን፣ በባከስና በናውር አጻጻፍ አማካይነት ነው።

የውሱን አውቶማታ ታሪክ ግን የጀመረው ከኮምፒዩተር ሳይሆን ከአንጎል ነው። ማካሎክና ፒትስ እ.ኤ.አ. በ1943 የነርቭ ሴሎችን በሒሳብ ገለጹ፤ እስቲቨን ክሊኒ ያንን ሞዴል ሲያጠና ሬጉላር ኤክስፕሬሽን (ሬጉላር ቋንቋን የሚገልጽ አጭር አጻጻፍ) ላይ ደረሰ፣ ሥራውም በ1956 ታተመ። ራቢንና ስኮት በ1959 ኤንኤፍኤ የተባለውን፣ በአንድ ምልክት ከአንድ በላይ ቀጣይ እርምጃ ሊኖረው የሚችል ምርጫ ያለበት ማሽን አስተዋወቁ፤ ማንኛውም ኤንኤፍኤ ወደ ዲኤፍኤ እንደሚቀየርም አሳዩ፤ የስቴቱ ቁጥር ግን ከn ወደ 2ⁿ ሊያድግ ይችላል። ኬን ቶምፕሰን በ1968 ሬጉላር ኤክስፕሬሽንን ወደ ጽሑፍ መፈለጊያ ለወጠው።

የዚህ ጥቅም ለአማርኛ ጸሐፊ ግልጽ ነው። ከደሴ በስተሰሜን ያለችው የሐይቅ ከተማ ስም በሰነዶች «ሐይቅ»፣ «ሀይቅ»፣ «ኃይቅ» እየተባለ ይጻፋል። «[ሐሀኃ]ይቅ» የሚለው ሬጉላር ኤክስፕሬሽን ሦስቱንም በአንድ ፍለጋ ያወጣል፤ በዲኤፍኤ ሥዕል ላይ ይህ ማለት ከመነሻው ስቴት ወደ ቀጣዩ ሦስት ቀስቶች መሳል ብቻ ነው።

በላይኛው ደረጃ ያለው ቱሪንግ ማሽን እ.ኤ.አ. በ1936 ሲታሰብ፣ ማሽን የማይመልሳቸው ጥያቄዎች መኖራቸው አብሮ ተረጋግጧል። ለኮምፓይለር (የፕሮግራም ጽሑፍን ወደ ማሽን ቋንቋ ለሚተረጉም ሶፍትዌር) ሠሪ ቅርብ የሆነው፣ የተሰጠ ኮንቴክስት ፍሪ ሰዋስው አሻሚ፣ ማለትም አንድን ስትሪንግ ከአንድ በላይ በሆነ አወቃቀር የሚያመነጭ፣ መሆን አለመሆኑን ለሁሉም ሰዋስው የሚለይ አልጎሪዝም አለመኖሩ ነው።

የአማርኛ ግሥ ደግሞ ሌላ ፈተና ያቀርባል። «ሰበረ» አሉታዊ ሲሆን፣ «አልሰበረም» በሚለው ውስጥ ከፊት «አል»፣ ከኋላ «ም» ይይዛል፤ «ስላልሰበረ» ሲሆን ግን «ም» ይቀራል። ውሱን አውቶማታ ይህን ለመጠበቅ የሚችለው በመካከል ያሉትን ስቴቶች በማባዛት ነው፤ በግሡ ላይ ጾታ፣ ቁጥርና ተሳቢ ሲደረቡ ብዜቱ በፍጥነት ያብጣል። የማይክል ጋሰር ሆርንሞርፎ፣ የአማርኛን፣ የኦሮምኛንና የትግርኛን ቃላት የሚተነትነው ሶፍትዌር፣ በውሱን አውቶማታው ቀስቶች ላይ የባሕርይ መረጃ በመጫን «አል» መታየቱን እስከ ቃሉ መጨረሻ ይዞ እንዲጓዝ ያደርጋል፤ ስቴቶቹንም ለየባሕርዩ ማባዛት አያስፈልገውም።