«ኖውን ኢሹ» ምንድን ነው? ከቨርዥን ወደ ቨርዥን የሚሻገረው ባግ

የፋብሪካ ማሽን የሚታዘዝበትን ፕሮግራም የምጽፍበት ሶፍትዌር አዲስ ቨርዥን በጫንኩ ቁጥር መጀመሪያ የማደርገው አንድ ነገር አለ። ባዶ ፕሮጀክት እከፍታለሁ። በላደር፣ ማለትም መሰላል በሚመስል የማሽን ፕሮግራም አጻጻፍ፣ አራት መስመር እጽፋለሁ። ለእያንዳንዱ መስመር ኮሜንት፣ ማለትም ሥራውን ለሰው የሚገልጽ ማስታወሻ፣ እሰጠዋለሁ። ከዚያ ሁለቱን መስመሮች አንድ ላይ መርጬ ኮፒ አደርግና ከታች ፔስት አደርጋቸዋለሁ።

ኮሜንቶቹ አንድ መስመር ወደ ታች ይንሸራተታሉ። «ኢመርጀንሲ ስቶፕ» (የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ) የሚለው ጽሑፍ ሞተር የሚያስነሳው መስመር ላይ ቁጭ ይላል። ኮዱ አልተነካም። ማሽኑን የሚቆጣጠረው ኮምፒዩተር፣ ፒኤልሲው ላይ ቢጫን ማሽኑ በትክክል ይሠራል። የተሳሳተው ሰው የሚያነበው ነገር ነው። ይህን በሦስት ተከታታይ ቨርዥኖች አይቻለሁ። በሦስቱም የሪሊዝ ኖት (ከአዲስ ቨርዥን ጋር የሚወጣ መግለጫ) መጨረሻ ገጾች ላይ፣ «ኖውን ኢሹ» ከሚለው ርዕስ ሥር፣ ያችው አንድ ዓረፍተ ነገር ቃሏ ሳይለወጥ ተቀምጣለች። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የሚባለው ለዚህ ነው። መክፈቻው ገጽ አምሯል፣ አይከኖቹ ተቀይረዋል፣ ባጉ፣ ማለትም የሶፍትዌሩ ጉድለት፣ ግን ቦታውን አልለቀቀም።

ታዲያ ይሄ ኖውን ኢሹ የሚባለው ምንድን ነው?

በቀጥታ ስንፈታው «የታወቀ ችግር» ማለት ነው። ሶፍትዌሩን የሠራው ድርጅት ባጉ መኖሩን ያውቃል። መዝግቦታል፣ ቁጥርም ሰጥቶታል። እንዲያም ሆኖ ሶፍትዌሩን ለቆታል። ማንም ሳያየው ያመለጠ ባግ ስህተት ነው፤ ማንም ላይ ይደርሳል። ኖውን ኢሹ ሲሆን ግን አንድ ሰው ዝርዝሩን ዓይቶ «ይሄ ለዚህኛው አይደርስም፣ ለሚቀጥለው ይቆይ» ብሎ ወስኗል ማለት ነው። እኔን የሚያናድደኝ ባጉ መኖሩ አይደለም። ያ ውሳኔ በየዓመቱ እየታደሰ፣ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ተጠቃሚው ብቻ መሆኑ ነው።

ከሌሎች ሁለት ቃላት ጋር ሲምታታ ስለማየው ልለያቸው። ትናንት በደንብ ይሠራ የነበረ ነገር ከአፕዴት በኋላ ከተበላሸ ሪግሬሽን ይባላል። ድርጅቱ ከመጀመሪያው «ሶፍትዌራችን ይህን አይሠራም» ያለው ደግሞ ሊሚቴሽን ነው። ብዙ የቆየ ባግ ቀስ በቀስ ከኖውን ኢሹ ዝርዝር ወጥቶ ሊሚቴሽን ውስጥ ሲገባ አይቻለሁ። ይሄ ልክ አይደለም። ስሙ ተቀየረ እንጂ ነገሩ አልተጠገነም።

ለምን አያስተካክሉትም? ቶሎ አፋችን ላይ የሚመጣው መልስ «ግድ የላቸውም» ነው። አንዳንዴ እውነት ነው። አዲስ ፊቸር ይሸጣል፣ የድሮ ባግ መጠገን አይሸጥም። ነገር ግን ከዚያ የጠለቀ ምክንያትም አለ። ኦኤስ/360 የተባለውን የአይቢኤም ኮምፒዩተሮች ስርዓተ ክወና ሥራ የመሩት ፍሬድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1975 እንደጻፉት፣ አንድ ጉድለት ሲጠገን ሌላ አዲስ ጉድለት የመፈጠር ዕድሉ ከ20 እስከ 50 በመቶ ነው። ያረጀ ኮድ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የጻፈው ሰው ሥራ ለቆ ሄዷል። ለምን እንደዚያ እንደጻፈው የሚያውቅ የለም። አንዱን ክር ስትስብ የትኛው ስፌት እንደሚተረተር አታውቅም።

ሌላው ምክንያት ሰው ባጉን መልመዱ ነው። የዚህ ትልቁ ምሳሌ ኤክሴል ውስጥ አለ፣ አሁኑኑ መሞከር ይቻላል። አንድ ሴል ውስጥ 60 ብለህ ጻፍና ፎርማቱን ወደ ቀን ቀይረው። ፌብሩዋሪ 29፣ 1900 ብሎ ያወጣልሃል። እንዲህ ያለ ቀን በዓለም ላይ ኖሮ አያውቅም። በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ100 የሚካፈል ዓመት ለ400 ካልተካፈለ ፌብሩዋሪው 29 አይሆንም፤ 1900 ደግሞ ለ400 አይካፈልም። ስህተቱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1983 ከወጣው ሎተስ 1-2-3 ከተባለ፣ ከኤክሴል ከቀደመ የሠንጠረዥ ሶፍትዌር ነው። ኤክሴል ሲሠራ የሎተስ ፋይሎች ቀናቸው ሳይዛባ እንዲከፈቱለት ስለፈለገ ስህተቱን አውቆ ወረሰው። ማይክሮሶፍት ይህን በግልጽ ጽፎ አስቀምጦታል፤ አሁን ይስተካከል ቢባል በየፋይሉ ያሉት ቀኖች በሙሉ ማለት ይቻላል በአንድ ቀን ይዛነፋሉ። ይህ ውሳኔ አይከፋኝም። ምክንያቱ ተነግሯል፣ ጉዳቱ የት ድረስ እንደሆነም ይታወቃል።

የሜክ ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይለያል። ሜክ ፕሮግራም ለመገንባት የሚያገለግል መሣሪያ ነው፤ ስቱዋርት ፌልድማን እ.ኤ.አ. በ1976 ቤል ላብስ ውስጥ ሠሩት። በሜክ ፋይል ውስጥ የትእዛዝ መስመር በታብ መጀመር አለበት። በስፔስ ከጀመርከው እምቢ ይላል፣ ዓይን ደግሞ ታብንና ስፔስን አይለይም። ፌልድማን ችግሩን ወዲያው ተረድተውት ነበር። ግን በዚያን ጊዜ ወደ 12 የሚሆኑ ተጠቃሚዎች ነበሯቸው፣ አብዛኞቹም ጓደኞቻቸው፤ የእነሱን ፋይል ላለማበላሸት ተዉት። ዛሬም ድረስ ጀማሪ ሁሉ እዚያች ታብ ላይ ይደናቀፋል። ባግ በ12 ሰው ጊዜ ካልተጠገነ በሚሊዮን ሰው ጊዜ እንዴት ይጠገናል?

ወደ እኛ ሥራ ልመለስ። ማሽን የምናዝበት ሶፍትዌር ላይ ኖውን ኢሹ ከሌላው ይልቅ የሚከብደው ወደ ኋላ መመለሻ ስለሌለ ነው። ስልክ ላይ አንድ አፕ ቢያስቸግርህ አጥፍተህ ሌላ ትጭናለህ። እዚህ ግን ፕሮግራም መጻፊያው፣ የኮንትሮለሩ (የፒኤልሲው) ፈርምዌር፣ ማለትም ውስጡ ያለው ሶፍትዌር፣ እና የፕሮጀክቱ ፋይል ሦስቱም እርስ በርስ ታስረዋል። አዲስ ኮንትሮለር ሲመጣ አዲስ ቨርዥን ይፈልጋል። ፕሮጀክቱን በአዲሱ ቨርዥን ከፍተህ ሴቭ ካደረግከው በአሮጌው አይከፈትም። ማሽኑ ራሱ 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ይሠራል፤ በዚህ ዕድሜው ስንት ቨርዥን ይፈራረቅበታል። ስለዚህ አሮጌ ፕሮጀክቶችን ለመንከባከብ አምስት ስድስት ቨርዥን ጎን ለጎን የጫነ ላፕቶፕ ተሸክሞ የሚዞር ሰው ብርቅ አይደለም።

«ኮሜንት ተንሸራተተ ብሎ ማማረር ምንድን ነው?» የሚል ይኖራል። ሌሊት ማሽን ሲቆም የሚጠራው ቴክኒሻን ኮዱን የጻፈው ሰው አይደለም። እንቅልፍ ዓይኑ ላይ አለ፣ ምርት ቆሟል፣ ሁሉም ከኋላው ቆሞ ያየዋል። እሱ የሚያምነው ኮሜንቱን ነው። ኮሜንቱ ከዋሸው የተሳሳተ ኢንፑት ሲያሳድድ ያድራል። ሪሊዝ ኖት ላይ «ቀላል» ተብሎ የተመደበ ባግ የሰው ሌሊት በልቷል።

ምን ያህል ሊቆይ ይችላል ብትሉ፣ ማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ ላይ ባግ ቁጥር 199 የሚባል ነበር። ዳታውን የሚያስቀምጠው የማይኤስኪውኤል ክፍል፣ ኢኖዲቢ፣ ለእያንዳንዱ አዲስ መዝገብ ተከታታይ ቁጥር ይሰጣል። የደረሰበትን ቁጥር ግን የሚይዘው ሜሞሪ ላይ ብቻ ነበር። የመጨረሻው መዝገብ ተሰርዞ ሰርቨሩ ጠፍቶ ቢነሳ፣ ያው የተሰረዘው ቁጥር ለሌላ አዲስ መዝገብ ይሰጣል። ያ ቁጥር የክፍያ ደረሰኝ ቁጥር ቢሆንስ? አንድ ቁጥር ለሁለት የተለያዩ ሰዎች ሆነ ማለት ነው። ባጉ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። የተፈታው በ2018 በወጣው ቨርዥን 8.0 ላይ ነው። 15 ዓመት! በዚህ መሃል ስንት ሰው የራሱን ማለፊያ ዘዴ ጽፎ ይሆን።

ያ ማለፊያ ዘዴ ወርክአራውንድ ይባላል። ከኖውን ኢሹ አጠገብ ብዙ ጊዜ የሚጻፍ ቃል ነው። ጥሩ ወርክአራውንድ ያድናል፤ ችግሩ ሥር መስደዱ ነው። አንዱ ለጓደኛው ያሳየዋል፣ ጓደኛው ለአዲስ ገቢ ያስተምረዋል፣ ሦስት ዓመት ቆይቶ ለምን እንደሚደረግ የሚያስታውስ ይጠፋል። ባጉ ከተጠገነ በኋላ እንኳ ሰው ዘዴውን አይተውም። እኔ ለዚህ ብዬ ወርክአራውንድ በተጠቀምኩ ቁጥር እዚያው ኮዱ ላይ የቨርዥኑን ቁጥርና የባጉን ቁጥር እጽፋለሁ። ሁለቱ ከሌሉ በኋላ መንቀል አይቻልም።

የኖውን ኢሹ ዝርዝር መኖሩን አልቃወምም። እንዲያውም ዝርዝር የሌለው ሶፍትዌር የበለጠ ያስፈራኛል፣ ዝርዝር ያላወጣው ባግ ስለሌለው አይደለምና። የምጠይቀው በደንብ እንዲጻፍ ነው። መቼ ነው የሚከሰተው? ከየትኛው ቨርዥን ጀምሮ? ምን ይበላሻል፣ ምን አይበላሽም? «አንዳንድ ጊዜ ኮሜንቶች በትክክል ላይታዩ ይችላሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ለማንም አይጠቅምም።

በሦስተኛው ቨርዥን ላይ ንዴቴን ዋጥ አድርጌ ያንን ባለ አራት መስመር ፕሮጀክት ላክሁላቸው። የፋብሪካውን ሙሉ ፕሮጀክት አይደለም፤ አራት መስመር፣ አራት ኮሜንት፣ የትኛው ቁልፍ በምን ቅደም ተከተል እንደተጫነ የሚል ስድስት ዓረፍተ ነገር ብቻ። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ትልቁን ፕሮጀክት ልኬ «እኛ ጋ አልታየም» ተብዬ ነበር። በዚህኛው በሳምንቱ «እኛም ጋ ታይቷል» የሚል መልስ ከነቁጥሩ መጣ።

አራተኛው ቨርዥን ሲወጣ ገጾቹን ገልጬ ወደ መጨረሻው ሄድኩ። ባጉ አሁንም አለ። ዓረፍተ ነገሩ ግን ተቀይሯል፦ ከአንድ በላይ መስመር አንድ ላይ ተመርጦ ኮፒ ሲደረግ ብቻ እንደሚከሰት፣ አንድ በአንድ ከተደረገ እንደማይከሰት ይናገራል። አሁን አንድ በአንድ ኮፒ አደርጋለሁ። የባጉን ቁጥር ከላፕቶፔ ክዳን ሥር ለጥፌዋለሁ፤ አምስተኛው ሲወጣ መጀመሪያ የምፈልገው እሱን ነው።