ፒንግ ስለመለሰ ብቻ «ኔትወርኩ ሰላም ነው» አትበሉኝ

«ሰርቨሩ ፒንግ ሲደረግ ይመልሳል፤ ሞኒተሪንጉ ግን ቀይ ያሳያል። ሶፍትዌሩ ተበላሽቷል ማለት ነው።» ይህን በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ሰርቨሮችን የሚከታተል (ሞኒተሪንግ) ሶፍትዌር፣ ናጊዮስ ይሁን ዛቢክስ ይሁን ፕሮሚቲየስ፣ የሚጭነው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለው ይህንኑ ነው። ከዚያ ሶፍትዌሩን ነቅሎ እንደገና ይጭናል። ያው ቀይ ይመጣል።

ፒንግ ማለት ለማሽኑ «አለህ?» የሚል አጭር ጥያቄ መላክ ነው። የሚሄደው አይሲኤምፒ በሚባል ፕሮቶኮል ነው፤ አይሲኤምፒ ደግሞ ፖርት (እያንዳንዱ አገልግሎት የሚያዳምጥበት ባለ ቁጥር በር) የሚባል ነገር የለውም። ፒንግ ሲመለስ ያወቃችሁት ማሽኑ መብራቱንና መሄጃ መመለሻ መንገድ መኖሩን ብቻ ነው። የግቢው ዘበኛ «አቤት» ስላለ ቢሮው ክፍት ነው አይባልም። ኤጀንቱ (ማሽኑ ላይ ተቀምጦ ለሞኒተሪንጉ መረጃ የሚሰጠው ፕሮግራም) ሞቶ፣ ዳታቤዙ ቆሞ፣ ዲስኩ ጢም ብሎ ሞልቶም ፒንግ ይመልሳል። የተገላቢጦሹም አለ፤ ፋየርዎሉ (የኔትወርኩን ገቢና ወጪ የሚፈቅደውና የሚከለክለው) አይሲኤምፒን ዘግቶ ሰርቨሩ ግን ሥራውን እየሠራ ሊሆን ይችላል።

መሞከር ያለባችሁ ፖርቱን ነው። የዛቢክስ ኤጀንት 10050 ላይ፣ የናጊዮሱ ኤንአርፒኢ 5666 ላይ፣ የፕሮሚቲየሱ ኖድ ኤክስፖርተር 9100 ላይ ያዳምጣሉ። ሦስቱም መጀመሪያ ግንኙነት በሚከፍተው በቲሲፒ ስለሚሄዱ ቴልኔት በሚባለው ኮማንድ መሞከር ይቻላል። ሙከራው ግን ከሞኒተሪንግ ሰርቨሩ ላይ ይሁን እንጂ ከላፕቶፓችሁ አይሁን! ፋየርዎል የሚያየው ከየት እንደመጣችሁ ነው። ለላፕቶፓችሁ ተከፈተ ማለት ለሞኒተሪንጉ ተከፈተ ማለት አይደለም።

የሚመጣውን መልስ ደግሞ እባካችሁ አንብቡት። «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» ካለ ጥያቄያችሁ ደርሷል፤ እዚያ ፖርት ላይ የሚያዳምጥ ግን የለም (አንዳንድ ፋየርዎልም እንዲህ ብሎ ይመልሳል)። «ታይም አውት» ካለ ፓኬቱ መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ፋየርዎልና ራውቲንግ ተመልከቱ። ሁለቱ የተለያየ ቦታ የሚፈለጉ ችግሮች ናቸው፤ እኔ ጋ ሲደርሱ ግን ሁለቱም «እምቢ አለ» ተብለው ነው የሚደርሱት።

ኤስኤንኤምፒ (ስዊችም ሰርቨርም ስለ ራሳቸው መረጃ የሚጠየቁበት ፕሮቶኮል) ላይ ነገሩ ይብሳል። ግንኙነት ሳይከፍት በሚልከው በዩዲፒ፣ ፖርት 161 ላይ ስለሚሄድ ቴልኔት አይረዳም። እንደ ይለፍ ቃል የሚያገለግለው የኮሚዩኒቲው ስም አንድ ፊደል ከተሳሳተ እንኳ «ተሳስተሃል» የሚል መልስ የለም፤ ዝም ነው፣ ታይም አውት ነው። አንድ ባልደረባዬ ስዊቾቹ ሁሉ እየታዩለት አንድ ሊኑክስ ሰርቨር ብቻ እምቢ አለው። እዚያው ሰርቨሩ ላይ ሆኖ ሲጠይቀው ይመልሳል፣ ከሞኒተሪንጉ ሲጠይቅ ጸጥ። ፒንግ ስለሚመልስለት ቀኑን ሙሉ ዳሽቦርዱን ሲነካካ ዋለ። «ኤስኤስ» በሚለው ኮማንድ ክፍት ፖርቶቹን ስናይ መስመሩ 127.0.0.1:161 ይላል። አገልግሎቱ የሚያዳምጠው ከራሱ ማሽን የሚመጣውን ብቻ ነበር ማለት ነው፤ ደቢያንና ኡቡንቱ ላይ ሲጫን እንዲሁ ሆኖ ይመጣል። ኮንፊጉ (የቅንብር ፋይሉ) ውስጥ አድራሻውን ቀይሮ ሪስታርት ሲያደርገው መልስ መጣ። የዲስኩና የኔትወርክ ካርዱ መረጃ ግን አሁንም የለም! ያው ኮንፊግ ከውጭ እንዲታይ የሚፈቅደው የማሽኑን ስምና መሰል ጥቂት ነገር ብቻ ስለሆነ፣ እሱንም ማስፋት ነበረበት። ይህን ሁሉ ፒንግ አይነግራችሁም።

«ፋየርዎሉን አጥፋው፣ ይሠራል።» አይሆንም። ለሞኒተሪንግ ሰርቨሩ አይፒ ብቻ ያችን አንዲት ፖርት ክፈቱ። ሬድ ሃት ቤተሰብ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ፋየርዎሉ ጠፍቶም ሴሊኑክስ የሚባለው የሊኑክስ ጥበቃ ሊከለክላችሁ ይችላል፤ የኦዲት ሎጉን እዩ።

«የቼክ ስክሪፕቱን በእጄ ሳስኬደው ይሠራል፣ ናጊዮስ ግን አይሠራም ይለኛል።» በእጃችሁ ስታስኬዱት ሩት (ሁሉ የተፈቀደለት ዩዘር) ናችሁ፤ ናጊዮስ ሩት አይደለም። በሱዱ ኮማንድ ወደ ናጊዮስ ዩዘር ተቀይራችሁ ያንኑ ኮማንድ አስኪዱት፣ የፈቃድ ችግሩ ፊት ለፊት ይመጣል። ስክሪፕት ራሳችሁ ስትጽፉም ናጊዮስ ቀለሙን የሚወስነው በምትጽፉት ጽሑፍ ሳይሆን በመውጫ ቁጥሩ መሆኑን አትርሱ። 0 ደህና፣ 1 ማስጠንቀቂያ፣ 2 አደጋ፣ 3 አልታወቀም ነው። «ዲስክ ሞልቷል» ብሎ ጽፎ በ0 የሚወጣ ስክሪፕት አረንጓዴ ሆኖ ይኖራል።

«ዛቢክስ ላይ 10050 ከፍቻለሁ፣ አክቲቭ ቼኩ ግን አይመጣም።» አክቲቭ ከሆነ ኤጀንቱ ነው ወደ ሰርቨሩ የሚሄደው፣ በ10051። በዚያ ላይ ኤጀንቱ ኮንፊግ ውስጥ ያለው የሆስት (የማሽኑ) ስም የዛቢክስ ዌብ ገጽ ላይ ካስገባችሁት ጋር በትልቅና ትንሽ ፊደሉ ሳይቀር አንድ መሆን አለበት።

«ሊኑክሱ ሚሞሪ ጨርሷል።» ፍሪ (ጭራሽ ያልተነካው) የሚለውን ሳይሆን አቬይለብል (ሲፈለግ ሊገኝ የሚችለው) የሚለውን እዩ።

«ቀይ ከሌለ ሰላም ነው።» ይህቺ አደገኛ ናት። ፕሮሚቲየስ ላይ «ሲፒዩ ከ90 በመቶ ካለፈ ጩኽ» ብላችሁ ጽፋችሁ ሰርቨሩ ጭራሽ ቢጠፋ፣ የሚወዳደር ቁጥር ስለሌለ አለርቱ አይጮህም። «አፕ» የምትባለው ሜትሪክ (ሰርቨሩ ሲጠየቅ መመለሱን የምትናገረው ቁጥር) 0 ስትሆን የሚጮህ ሌላ አለርት የግድ ያስፈልጋችኋል። ሞኒተሪንግ ሰርቨሩን ራሱንም ከሌላ ቦታ የሚያየው ነገር ይኑር፤ እሱ ከወደቀ ስለ መውደቁ ማን ይነግራችኋል?

ስለዚህ «ጨርሻለሁ» ከማለታችሁ በፊት አንድ የማይጎዳ አገልግሎት ሆን ብላችሁ አቁሙና ጠብቁ። ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ ሆኖ ስልካችሁ ዝም ካለ የኢሜይል መላኪያውን ሎግ ክፈቱ፤ ብዙ ጊዜ መልእክቱ እዚያ ተቀርቅሮ ታገኙታላችሁ።