ፈረንሳይኛን ለመጀመር ለሚያስቡ

ፈረንሳይኛ እንደ ጣልያንኛና እንደ ስፓኒሽ ከላቲን የወጣ ቋንቋ ነው። ሮማውያን ጎል ይባል የነበረውን፣ የዛሬዋን ፈረንሳይ፣ ሲይዙ የወታደሩና የነጋዴው ላቲን በሕዝቡ አፍ እየተለወጠ ሄደ፤ ስሙን ያገኘው ግን ኋላ ከመጡት ጀርመናዊ ፍራንኮች ነው። በ1539 እ.ኤ.አ. ንጉሥ ፍራንሷ ቀዳማዊ የፍርድ ቤት ሰነዶች በላቲን መጻፋቸው ቀርቶ በፈረንሳይኛ እንዲሆኑ አዘዘ። በ1635 ደግሞ ካርዲናል ሪሽልዮ የፈረንሳይ አካዳሚን አቋቋመ። አካዳሚው ዛሬም ስለ ቃላት ይፈርዳል፤ ሕዝቡ ሁልጊዜ ባይሰማውም።

ፈረንሳይኛ ተናጋሪ አገሮችን የሚያሰባስበው የፍራንኮፎኒ ድርጅት በ2022 የተናጋሪውን ብዛት 321 ሚሊዮን ገምቶታል። ከግማሽ በላይ የሚሆነው አፍሪካ ውስጥ ነው። በሕዝብ ብዛት ፓሪስን የምትበልጠው የዴሞክራቲክ ኮንጎ ዋና ከተማ ኪንሻሳም የመንግሥት ሥራዋን የምትሠራው በፈረንሳይኛ ነው። ለእኛ ቅርቧ ጅቡቲ ናት። ከዚያ የተነሳው የምድር ባቡር ቋንቋውን እስከ ድሬዳዋና አዲስ አበባ ይዞት መጥቶ ነበር፤ ለገሃር የሚለው ስም ራሱ የፈረንሳይኛው «ላ ጋር»፣ ማለትም ባቡር ጣቢያ ነው።

ጀማሪውን የሚያደክመው የአነባበቡና የአጻጻፉ መራራቅ ነው። እኛ የምንጠራውን እንጽፋለን፤ ፈረንሳይኛ ግን ብዙውን የሚጽፈው ከዘመናት በፊት ይጠራ እንደነበረው ነው። «ውሃ» ማለት «ኦ» ነው፤ የሚጻፈው በሦስት አናባቢዎች ሲሆን አንዳቸውም የ«ኦ» ፊደል አይደሉም። «ይናገራል» እና «ይናገራሉ» አጻጻፋቸው ይለያያል፤ ሲነገሩ ግን ሁለቱም «ኢል ፓርል» ናቸው። በቃል መጨረሻ ያለ ተነባቢ አብዛኛውን ጊዜ አይሰማም፤ ቀጣዩ ቃል በአናባቢ ሲጀምር ግን ሊነቃ ይችላል። «ሌ» እና «አንፋን» ተገናኝተው «ሌዛንፋን»፣ ልጆቹ፣ ይሆናሉ። ስለዚህ ከመጽሐፍ ብቻ መማር አይመከርም፤ ጆሮ ከዓይን መቅደም አለበት።

ድምፆቹን በተመለከተ አማርኛ ተናጋሪ ባዶ እጁን አይመጣም። «ዥ» እና «ኝ» በቋንቋው አሉ። አዲስ የሚሆኑበት በአፍንጫ የሚወጡት አናባቢዎች፣ ከጉሮሮ የሚመጣው «ር» እና «አንተ» ማለት በሆነው የፈረንሳይኛ ቃል (tu) ውስጥ ያለው አናባቢ ናቸው። ይህን የመጨረሻውን ለማውጣት ከንፈርን ለ«ኡ» አሹሎ «ኢ» ማለት ነው።

ሰዋስዉም ቢሆን እንደሚወራው አያስፈራም። አፍራሹ ግሡን ከፊትና ከኋላ ይይዘዋል፤ «ዠ ነ ፓርል ፓ»፣ አልናገርም። እኛም «አል» እና «ም» አለን። በጭውውት «ነ» ብዙ ጊዜ ይዋጣል፣ «ፓ» ብቻ ይቀራል። ለታላቅና ለማያውቁት ሰው «ቩ»፣ ለቅርብ ሰው ሌላ ተውላጠ ስም መባሉን ደግሞ አንተንና እርስዎን ለይቶ ላደገ ሰው ማስረዳት አያሻም።

የሚያስቸግረው የዕቃዎች ጾታ ነው። ጠረጴዛ ሴት፣ መጽሐፍ ወንድ ነው፤ እንደ አማርኛው ትንሽ ሲሆን ወይም ሲወደድ ወደ ሴት የሚዞር ነገር የለም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ታብል» ብቻ ሳይሆን «ላ ታብል»፣ «ሊቭር» ብቻ ሳይሆን «ለ ሊቭር» ብሎ መያዝ ይበጃል።