«እኔ በመኪና ነው የምመለሰው»፦ ከባሕር ዳር ጅቡቲ ወርደው ስኩባ የሚጠልቁ ሰዎች የሚሳሳቱባቸው ነገሮች

ኅዳር ሲቃረብ ከባሕር ዳር ጅቡቲ ወርደው ስኩባ (አየር የተሞላ ሲሊንደር አዝሎ ባሕር ውስጥ መጥለቅ) መሞከር የሚፈልጉ ሰዎች ጥያቄ ይበዛል። ከጅቡቲ ከተማ ማዶ ሙሻ እና ማስካሊ የሚባሉ ዝቅተኛ የኮራል ደሴቶች አሉ። በጀልባ ነው የሚደረስባቸው፤ ለጀማሪም ይሆናሉ። የሚገርመው፣ ሁሉም የሚጠይቀው ስለ ሻርክ ነው። ሰው የሚጎዳው ግን በመልስ ጉዞው ነው፤ ስለ እሱ የሚጠይቅ የለም፣ ሲነገረውም የሚከራከረው ይበዛል።

የሻርኩን ነገር አስቀድመን እንገላገለው። ከኅዳር እስከ ጥር በታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚታየው ዌል ሻርክ ውኃ እያጣራ ደቃቅ ነፍሳት የሚመገብ ዓሣ ነው። ጥቂት ሜትር ራቁት፣ አትንኩት፣ ከጭራው ፊት አትቁሙ። በቃ።

«ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ነው።» አይደለም። የምንተነፍሰው ተራ አየር ተጨምቆ ነው፤ 21 በመቶው ኦክስጅን፣ የቀረው ከሞላ ጎደል ናይትሮጅን። ንጹሕ ኦክስጅን ከስድስት ሜትር ገደማ በታች ሰው ያንዘፈዝፋል።

«የደጋ ሰው ሳንባው ጠንካራ ነው፤ አየር ቶሎ አይጨርስም።» ከፍታ ላይ መኖር ስሌቱን አይቀይረውም። ባለ 12 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ሲሞላ 2,400 ሊትር አየር ይይዛል። 50 ባር ለመጠባበቂያ ይተዋል፤ የሚቀረው 1,800 ሊትር ነው። ላይ በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው በ10 ሜትር ጥልቀት 40፣ በ20 ሜትር 60 ሊትር ይጨርሳል። ስለዚህ 10 ሜትር ላይ 45 ደቂቃ፣ 20 ሜትር ላይ 30 ደቂቃ አለው። ይህን የሚያሳጥረው ድንጋጤ፣ እጅ ማወራጨት እና ከሚገባ በላይ እርሳስ (ለመስጠም የሚታጠቁት የብረት ክብደት) መታጠቅ ነው። ጎንደሬም ሆነ የአሰብ ሰው ልዩነት የለውም።

«መጀመሪያ ጣና ላይ እለማመዳለሁ።» ሐሳቡ ቅን ነው፤ ውጤቱ ግን መጥፎ ነው። ጣና በስፋቱ ልክ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ውኃው ደለል ስለሚበዛበት ጠላቂው የራሱን ጌጅ (የአየርና የጥልቀት መለኪያ) ለማንበብ ይቸገራል፣ ጓደኛው ክንድ ርቀት ላይ ሆኖም ይጠፋበታል። ዳር ዳሩን ቢልሃርዝያ አለ፤ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በደብረ ማርያም በኩል ደግሞ ጉማሬ። ይህ ሁሉ ባይኖር እንኳ ሐይቁ 1,786 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ለባሕር የተሠራው የጠለቃ ሠንጠረዥ (በየጥልቀቱ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚቻል የሚናገረው) እንዳለ አይሠራበትም፤ ከ300 ሜትር ከፍታ በላይ ማስተካከያ ያስፈልጋል። የጣና 14 ሜትር በሠንጠረዡ እንደ 17 ሜትር ይቆጠራል። ከ10 ሜትር ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ በባሕር ግፊቱ በግማሽ ሲቀንስ፣ በጣና ከግማሽም በላይ ይቀንሳል። ትንፋሹን ይዞ ለሚወጣ ጀማሪ ሳንባ ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

ልምምድ ከፈለጋችሁ የሆቴል መዋኛ ገንዳ ይበቃል። 200 ሜትር ሳትቆሙ ዋኙ፤ ፍጥነቱ አይቆጠርም። ከዚያ አሥር ደቂቃ ያለ ድጋፍ ተንሳፈፉ። የመጀመሪያውን የብቃት ወረቀት ለማግኘት የሚጠየቀው የዋና ችሎታ ይህ ነው። ገንዳ ውስጥ በዕቃ የተለማመደ ሰው ግን የታጠቀውን እርሳስ ቁጥር ይዞ ባሕር አይውረድ። የጨው ውኃ 2.5 በመቶ ገደማ ይከብዳል፤ ከነዕቃው 90 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከሁለት ኪሎ በላይ መጨመር አለበት፤ አለዚያ ሲሊንደሩ እየቀለለ ሲመጣ ሳይፈልግ ወደ ላይ ይነሣል።

አሁን ወደ ዋናው። የጠለቀ ሰው ሳይጠብቅ አይብረር ሲባል የሚመጣው መልስ ይህ ነው፦ «እኔ በአውሮፕላን አልሄድም፤ በመኪና ነው የምመለሰው። ስለዚህ መጠበቅ አይመለከተኝም።»

ይህን መስማት ሰልችቶናል። ክልከላው ከአውሮፕላን ጋር አይደለም፣ ከከፍታ ጋር ነው። በጠለቃ ኮምፒውተር (ጠላቂው እጁ ላይ የሚያስረው መቁጠሪያ) ላይ «ገና አትብር» ለማለት የሚወጣው የአውሮፕላን ሥዕል ሳያሳስት አልቀረም። ሰው ከታች ሲቆይ ናይትሮጅን በደሙና በሥጋው ውስጥ ይሟሟል። ከወጣ በኋላ በትንፋሽ ቀስ በቀስ ይወጣል እንጂ ወዲያው አይለቀውም። ይህ ሳያልቅ የውጭው ግፊት ከቀነሰ፣ ክዳኑ እንደተላቀቀ የአምቦ ውኃ ጠርሙስ አረፋ ይሠራል፤ አረፋው በመገጣጠሚያ፣ በነርቭ ወይም በአከርካሪ ውስጥ ሲሆን ጉዳት ነው።

የመንገደኛ አውሮፕላን የውስጥ ግፊት ቢበዛ የ2,400 ሜትር ከፍታን ያህል እንዲሆን ተደርጎ ይጠበቃል። ቦሌ አየር ማረፊያ መሬቱ ራሱ 2,334 ሜትር ላይ ነው። ከአዲስ አበባ በመኪና ወደ ባሕር ዳር የሚመጣ ሰው ፍቼ ላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ይደርሳል። እንግዲህ «አልበርም» ያለው ሰው ከሚበረው በላይ ወጥቷል ማለት ነው። ባቡርም ያው ነው፤ ገና ከጅቡቲ ምድር ሳይወጣ አሊ ሳቢህ ላይ 600 ሜትርን ያልፋል፣ ድሬዳዋ ሲደርስ 1,200 ገደማ ነው።

ሌላም አለ። ጠልቆ ወደ ዱባይ የሚበር ሰው ከጥቂት ሰዓት በኋላ ሲያርፍ ግፊቱ ይመለስለታል። የባሕር ዳር ሰው ግን ቤቱ 1,800 ሜትር ላይ ነው፤ ግፊቱ የባሕሩ 80 በመቶ ያህል ሆኖ ይቀራል፣ እሱም እዚያው ያድራል።

በተለምዶ የሚሠራበት መመሪያ ከ600 እስከ 2,400 ሜትር ላለ ከፍታ እንዲህ ይላል፦ አንድ ጊዜ ብቻ ለጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ወይም ለተከታታይ ቀናት ለጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት። ወደ ላይ ሲወጣ የግዴታ ማረፊያ ያስፈለገው ጠለቃ ከሆነ ከዚህም ይረዝማል። እኛ ለደጋ ተመላሽ ከ24 ሰዓት በታች አንመክርም። ቁጥሩ የሚጀምረው ጀልባው ወደብ ሲደርስ ሳይሆን ከመጨረሻው ጠለቃ ከወጣችሁበት ደቂቃ ነው።

ስለዚህ ጉዞው ከኋላ ወደ ፊት ይታቀዳል። መጀመሪያ የመመለሻ ትኬቱን ሰዓት ያዙ። ከዚያ 24 ሰዓት ወደ ኋላ ቁጠሩ፤ የመጨረሻው ጠለቃ ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በ9 ሰዓት ከውኃ የወጣ ሰው ዓርብ በ9 ሰዓት ነፃ ይሆናል፤ በረራው ጠዋት ከሆነ ቅዳሜ ይመለስ። (ትኬቱም የጀልባው ቀጠሮም በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚጻፈው፤ 8:00 ካለ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። በዚህ ምክንያት ጀልባ ያመለጠው ስንቱ ነው።)

የዕረፍቱን ቀን ደግሞ ለአሳል ሐይቅ አታውሉት። ሐይቁ ከባሕር ወለል 155 ሜትር በታች ስለሆነ «ይህማ ያዋጣል» ይባላል፤ የሚወስደው መንገድ ግን ኮረብታ ላይ ይወጣል። አርታ ከተማም ከ700 ሜትር በላይ ናት። ሁለቱንም ከጠለቃው በፊት ጎብኙ፤ የመጨረሻውን ቀን ባሕር ዳርቻ ላይ ዋሉ።

ይህን ያልጠበቀ ሰው ሁልጊዜ አይታመምም፤ ክርክሩ የሚጸናውም ለዚህ ነው። «ባለፈው ምንም አልሆንኩም» ይላል። ሲያመው ደግሞ «መንገዱ ነው ያደከመኝ» ብሎ ማስታገሻ ውጦ ይተኛል። በጠለቀ በ24 ሰዓት ውስጥ የትከሻ፣ የክርን ወይም የጉልበት ሕመም፣ የእጅ እግር መደንዘዝ፣ ማዞር፣ የቆዳ ማሳከክና ሽፍታ፣ ከልክ ያለፈ ድካም ከመጣ ከፍታ መውጣቱን አቁሙ፣ ተጋደሙ፣ በማስክ ንጹሕ ኦክስጅን አግኙ፤ ለሐኪሙ የመጀመሪያው ቃላችሁ «ጠልቄ ነበር» ይሁን። የደጋ ሐኪም በራሱ ይህን አይጠረጥርም፤ ሊፈረድበትም አይገባም። ተመልሶ ጠልቆ መፈወስ የሚባለውን ምክር አትስሙ። ጀልባ ከመክፈላችሁ በፊትም «ኦክስጅን ጀልባው ላይ አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ አለ ከተባለ አሳዩኝ በሉ።

«ትንሽ ጉንፋን ነው፤ ምን ያደርጋል?» የጆሮ ታምቡር ይቀድዳል። የመጀመሪያዎቹ 10 ሜትሮች ግፊቱን እጥፍ ያደርጉታል፤ አፍንጫን ይዞ ቀስ ብሎ መንፋት በየግማሽ ሜትሩ፣ ሕመም ከመምጣቱ በፊት ነው። አልከፈት ካለ አንድ ሜትር ተመለሱ፤ አሁንም ካልሆነ የዚያ ቀን ጠለቃ ቀረ። አስም ያለበት ወይም ሳንባ ነቀርሳ ታሞ የዳነ ሰው የጤና ቅጹ ላይ መደበቅ የለበትም። ሳንባ ላይ የቀረ ጠባሳ አየር ሊያፍን ይችላል፤ ራጅ ተነሥቶ ሐኪም ያስፈርም፣ ይህንንም ባሕር ዳር እያለ ይጨርስ።

«ልጆቹ ትምህርት ሲዘጉ በነሐሴ እንሂድ።» የጅቡቲ ሐምሌና ነሐሴ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፣ ኻምሲን የሚባለው ትኩስ ነፋስ አቧራና ማዕበል ያነሣል፣ ዌል ሻርኩም የለም። ለገና ዕረፍት ያዙት።